ጉድጓዱ ላይ የበተንኩት እብቅ

ከሰፈራችን በላይ፣ በአምባሰል ተራራ ወገብ ላይ፣ ጣሊያን የድንጋይ ከሰል ያወጣበት ጉድጓድ አለ። አፉን ቁልቋል ሸፍኖት፣ ውስጡ ጥቁር ውሃ አቁሮ ኖሯል። ከግርጌው ምንጫችን ይፈልቃል። እኔ ለብዙ ዓመት የውሃ አባት ነበርኩ፤ ማን በየትኛው ቀን ማሳውን እንደሚያጠጣ የምደለድለው፣ ከክረምት በኋላ ምንጩን የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

ለውጡ መጣ ከተባለ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ወጣቶች ተደራጁ ተባለ። ልጄ ኮምቦልቻ ተምራ፣ ዲፕሎማዋን በፌስታል ጠቅልላ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። የወጣቶቹ ማኅበር ጸሐፊ ሆነች። ሐሳባቸው የቆመውን ውሃ በሞተር ስበው አውጥተው ጉድጓዱን መክፈት፣ ከሰሉንም ለፋብሪካ መሸጥ ነበር። ከወረዳ የመጣው ሰው "ሕዝቡ ይስማማ" አለ። ሕዝቡ ማለት ቅሬያችን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሬሳ የሚቀብርበት፣ የሚዳኝበት ማኅበር። ቅሬው የፈራው አንድ ነገር ነበር። ጉድጓዱና ምንጩ በውስጥ ከተገናኙ፣ ጉድጓዱ ሲደርቅ ምንጩ ይደርቃል፤ ጉድጓዱ ሲቆሽሽ ምንጩ ይቆሽሻል።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን የለቀምኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። "እኔ እፈትነዋለሁ" አልኩ። አባቶቻችን የውሃን መንገድ የሚፈትኑት በእብቅ ነው። በየካቲት አንድ ጆንያ የቀይ ማሽላ እብቅ ተሸክሜ ወጣሁና ጉድጓዱ ውሃ ላይ በተንኩት። ከዚያ ምንጩ አጠገብ ሰባት ቀን ተቀመጥኩ። አንዲት ቅንጣት አልወጣችም።

ይህንን ለቅሬው ስናገር፣ የቅሬው ዳኛ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ክርስቲያን ጎረቤቴ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንተ ሰው፣ ለውሃ በበጋ ይመሰከራል? ክረምቱ ይግባ፣ ጉድጓዱ ይሙላ፤ ያኔ እናያለን።"

"እስከዚያ ከሰል ገዢው ይሄዳል፣ ጋሼ።"

"ይሂዳ! ምንጩ የት ይሄድብናል?"

ሰው ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም፤ ከሴቶቹ በኩል ቆማ ታየኝ ነበር። ተነሣሁና "ወላሂ አይገናኙም" ብዬ ማልኩ። ቅሬ ፊት ከተማለ በኋላ የሚከራከር የለም፤ ተስማሙ። ዛሬ ራሴን ስመረምር፣ የማልኩት ስላወቅሁ አልነበረም። ልጄ ቤት መቀመጧ ስላሳፈረኝ ነው።

ሞተሩ ሳይመጣ ክረምቱ ገባ፤ ከክረምቱ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ማሽላውን እንደቆመ ጥለን ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወዲያ ሸሸን። ተጠልለን በከረምንበት ግቢ፣ ልጄ የማኅበሩን ማኅተም መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ እንደያዘች አየሁ።

"አሁን ይሄ ምን ይሠራልሻል?" አልኳት።

"ስንመለስ ሥራ አለኝ፣ አባ።"

ስንመለስ ማሽላውን ወፍና ከብት ጨርሶታል። እኔ በቀጥታ ምንጩን ልጠርግ ሄድኩ። የክረምቱን ደለል በአካፋ ዝቄ አውጥቼ ሳጥበው፣ ከሥሩ ቀይ እብቅ ወጣ። እፍኝ አይሞላም፤ ግን አለ። መጀመሪያ ነፋስ ከአውድማ ያመጣው ነው አልኩ። ግን በዚያ ዓመት የተወቃ ማሽላ አልነበረም፤ ከምንጩ በላይም አውድማ የለም። ክረምት ጉድጓዱ ሞልቶ ውሃው ከፍ ሲል፣ በበጋ ያልደረሰበት ስንጥቅ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እብቁም ተንሳፍፎ አብሮት ገብቷል።

እብቁን በመሐረብ ቋጥሬ ኪሴ ከተትኩት። ልጆቼን ውሸት በተናገሩ ቁጥር የገረፍኩ አባት ነኝ፤ ግን ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ስሰግድ እንኳ እጄ ሳላውቀው ኪሴን ይነካ ነበር። በአራተኛው ቀን ልጄ ፊቷ በርቶ መጣች። "አባ፣ ሞተሩ ከደሴ ተጭኗል!"

በማግስቱ ቅሬው ለቅሶ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ተነሥቼ መሐረቡን ፈታሁ። "የማልኩት ሐሰት ሆኗል" አልኩ፤ የት እንዳገኘሁትም ሦስቱን ቀንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ዳኛው አንዷን ቅንጣት በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዟት።

"ማሽላህ ካንተ ይሻላል" አሉ። "እሱ ደግሞ ሳይምል ነው።"

ሰው ሊስቅ ፈልጎ፣ ለቅሶ ስለሆነ ተወው።

ቅሬው የድሮው ጉድጓድ ውሃ እንዳይነካ ወሰነ። መቆፈር ከፈለጉ በተራራው በወዲያኛው ገጽ፣ ለቆሻሻው ውሃ ማጠራቀሚያ አስቀድመው ሠርተው ይሁን ተባለ። የውሃ አባትነቱም ከእኔ ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ፤ ተገቢ ነው። ሞተሩ ሐይቅ ከተማ ደርሶ ተመለሰ።

ቤት ስንገባ ልጄ "ለእኔ መጀመሪያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ።

"ዝም በል እንዳትይኝ ፈርቼ ነው።"

"እኔን ነው የፈራኸው ወይስ ራስህን?"



አሁን ወጣቶቹ በወዲያኛው ገጽ የሙከራ ቁፋሮ ጀምረዋል። ገዢው ይቀጥል አይቀጥል ገና አልተናገረም። በዚያ በኩልስ የማናውቀው ስንጥቅ ቢኖር? ልጄ ጠዋት ጠዋት ከምንጩ በጠርሙስ ውሃ ቀድታ መስኮቱ ላይ ታቆመዋለች፤ እስከ ቀትር ጥቁር ነገር መዝቀጥ አለመዝቀጡን አይታ በደብተሯ ትጽፋለች። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ። ጠርሙሱን እንድነካው ግን አትፈቅድልኝም።