የበረኪናው ፈተና

የሐረገወይንን አፍንጫ የማያውቅ በዓረብ አገሩ የአል ኑዓይሚያ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዱባይ፣ አል ማምዛር ቤታቸውን የምታጸዳላቸው ማዳም መሪየም እንኳ ዓሣ ሲገዙ «ያላ ሐረግ፣ አሽትቺው» ሳይሏት ድስት ውስጥ አይከቱም ነበር። አንዴማ ከጎረቤት ጋዝ ሲያፈስ ከማንም ቀድማ አሽትታ የሕንፃውን ሰው በሙሉ በደረጃ አስወርዳለች። ከዚያ ወዲህ ማን ወንድ ይናገራታል። ካልሲውን ሳያጥብ የደበቀውን፣ ትናንት የተረፈ ወጥ የረሳውን፣ ሁሉንም ባፍንጫዋ ትይዛለች። ኩራቷም እንጀራዋም እሱ ነው።

በኮሮናው ጊዜ ታዲያ ጉድ የሠራት ይኸው ኩራቷ ነው።

መጀመሪያ ወደ ዱባይ የሚሄደው አውቶቡስ ቆመ። ማዳም ደውለው «ኸላስ፣ እስክጠራሽ እንዳትመጪ» አሏት። በየአልጋው በምትከራየው ክፍል፣ በቢድ ስፔሷ ውስጥ ሦስት ሆነው በር ተዘጋባቸው፤ እሷ፣ ከፀጉር ቤት ሥራዋ የተባረረችው ሳሮን፣ እና የራሷ የሐረገወይን እህት ልጅ ኑኑ። ኑኑ አስም አለባት። ከኮምቦልቻ ያስመጣቻት ሐረገወይን ናት፤ «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ» ብላ እህቷን ያሳመነችውም እሷው ናት። ከታችኛው ፎቅ አንድ ጎልማሳ ነጭ በለበሱ ሰዎች ተደግፎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሐረገወይን ያንን በመስኮት አይታ እንቅልፍ አጣች። ያ በሽታ ኑኑ ደረት ውስጥ ከገባ አለቀላት።

ሽታ የጠፋበት ሰው ተይዟል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ሐረገወይን ለክፍሉ ሕግ አወጣች። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ የበረኪና ጠርሙስ ተከፍቶ አፍንጫው ሥር ይያዛል፣ ያልሸተተው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

«ወጥተን የት ነው የምንሄደው?» አለች ሳሮን።

«አፍንጫሽን ላሺ። ልጄ አስም አለባት» አለቻት ሐረገወይን።

ለራሷም አልራራችም፤ በየጠዋቱ ቀድማ ራሷን ትፈትናለች። በረኪናው ይለበልባታል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ «ተመስገን» ትላለች። ቀጥሎ ሁለቱም ያልፋሉ። ከዚያ ያለ ሐሳብ ከአንድ ሳሕን ይበላሉ፤ ኑኑንም በእጇ ታጎርሳታለች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሽሮ ጥዳ፣ አጠገቡ ቆማ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ሳሮን ከመታጠቢያ ቤት እየሮጠች ወጣች።

«ሽሮው አርሮ ቤቱን አጠነው እኮ። ሐረግ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

ዞር ብትል ድስቱ ይጨሳል። ክው አለች። «ወሬ ይዞኝ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሳሮን ድስቱን ልትፍቅ ስትሄድ ሐረገወይን በረኪናውን ከፍታ ሳበች። ለበለባት። እፎይ አለች፤ ልቧ ግን አላረፈም። ከአገር ቤት የተላከላትን ንጥር ቅቤ አወጣች፤ በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦበት እንኳ ቁም ሣጥኑን ሙሉ የሚያሸት ቅቤ ነው። ከፈተችው። ምንም። አፍንጫዋን ልትነክርበት ደረሰች። ምንም። ሳሙናውንም ሞከረች፣ እሱም ድንጋይ ሆነባት።

ምስኪን፣ ማን ነግሯት። አፍንጫ ውስጥ ያለው ፀጉርና ንፍጥ የምንስበውን አቧራ ሲያጠምድ፣ አየሩን ሲያሞቅና ሲያረጥብ ይውላል። ሽታን የምትለየው ግን ከላይ፣ ከዓይኖቻችን መሐል ትይዩ የተሸሸገች፣ የጥፍር ያህል ስፋት ያላት ቦታ ናት። ማቃጠልን የሚነግረን ደግሞ ሌላ ነርቭ ነው፤ በርበሬ ሲደለዝ የሚያስነጥሰን፣ ሽንኩርት ሲከተፍ የሚያስለቅሰን እሱ ነው። ያቺ ቦታ ብትዘጋም እሱ ሥራውን አያቆምም። የሐረገወይን ፈተና ባለቤቱን ስትጣራ ጎረቤት አቤት እንዳላት ነበር። በሽታው መቼ እንደገባባት አታውቅም፤ በረኪናው ግን በየጠዋቱ ደህና ነሽ ሲላት ከርሟል።

ይህን ሁሉ በስሙ ባታውቀውም የማቃጠልና የመሽተት ልዩነት አሁን ገባት። በዚያ እጇ ኑኑን ስንት ጊዜ አጎረሰቻት? ስንት ጠዋት ፊቷን ፊቷ ላይ አስጠግታ «ሳቢ» አለቻት? ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች፣ መስኮቱን በረገደችው፣ የቅቤውን ዕቃ ከኋላዋ ይዛ ወደ ኑኑ አልጋ ሄደች።

«ኑኑዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ጠዋት ተፈተንኩ እኮ፣ እቴቴ። ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የተሸፋፈንሽው?»

«ጨፍኚ አልኩሽ።»

ኑኑ ሳቅ ብላ ጨፈነች። ሐረገወይን ትንፋሿን ውጣ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ክፍቱን ዕቃ አቀረበችላት፤ በቅቤውና በልጅቷ አፍንጫ መሐል ጣት አያልፍም። ኑኑ ሳበች። ደግማ ሳበች፤ ደረቷ ሲር አለ። ጥቂት ጠበቀች።

«ክፈቺው እንጂ፣ እቴቴ» አለች።