የእትዬ ሃሎ ሁለተኛ ጥያቄ

የውሃ መሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ እትዬ ሃሎ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስልክ ሲያነሱ ነው የኖሩት፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል። እኔ ቅሬታ ተቀባይ ነኝ። ጠረጴዛዬ ከሳቸው ፊት ለፊት ነው፤ መሃላችን ያለው በቆርቆሮ የተተከለ አበባ ብቻ ነው። እሱም ደርቋል። ውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ በውሃ ጥም የሞተ አበባ እያየሁ ነው እንግዲህ የሰው ቅሬታ የምቀበለው።

ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት የየፓምፑ ኦፕሬተር ይደውላል።

«ሃሎ! እንዴት አደርክ? ልጆች ደህና? ፓምፑስ?»

መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ደህና ነው፣ ምንም አይል።» እትዬ ሃሎ ግን ይህን እንደ መልስ ቆጥረውት አያውቁም። ትንሽ ዝም ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ አሁን ንገረኝ» ይላሉ። ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ዘይት ያንጠባጥባል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ትናንት ሲነሳ አንገራግሯል። እሳቸውም ማንንም ሳያሳጡ መካኒክ ይልካሉ። ይህን ያስተማራቸው የለም። ራሳቸውም ቢሆኑ ወሬ ማራዘም እንጂ ሥራ አይመስላቸውም ነበር።

ከዚያ ዲጂታል ሆንን።

ሲስተሙን የሠራው ባለሙያ ጨዋ ልጅ ነው፤ ልቀየመው ብፈልግ እንኳ ምክንያት አላገኘሁበትም። እትዬ ሃሎ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ በስልክ ምን ምን ይጠይቃሉ?»

«ፓምፑ እንዴት ነው እላለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ ልጄ? የቀረው ሰላምታ ነው።»

እሱም ያሉትን ሠራ። ለየኦፕሬተሩ ታብሌት ታደለ። ታብሌቱ በየጠዋቱ ፓምፑ እንዴት ነው ብሎ አንዴ ይጠይቃል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተበላሸ ቀይ መጫን ነው። የስልኩ መስመር ተቆረጠ። እትዬ ሃሎ ፊት ግድግዳውን የሞላ ስክሪን ተሰቀለ፤ ሥራቸውም እሱን ማየት ሆነ።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ኦፕሬተር ቀይ ተጭኖ ነበር። አለቃችን አስጠራውና እንዲያብራራለት ጠየቀው፤ እንዲያውም አመስግኖታል አሉ። ይሁንና ሰውየው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ «አለቃ ቢሮ ተጠርቷል» የሚለው ወሬ የመጨረሻው ፓምፕ ድረስ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ቀይ የሚባል ነገር አላየንም።

ስክሪኑ አረንጓዴ፣ የኔ ወረፋ ግን እስከ በር። አንዲት ሴትዮ ባዶ ጀሪካን ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አደረገችና ወደ ግድግዳው እያየች፣ «ይሄ አረንጓዴ ምንድነው?» አለችኝ።

«ውሃ አለ ማለት ነው።»

«የት?»

የት እንደሆነ ባውቅ እኔም እቀዳ ነበር። እትዬ ሃሎ ተነስተው ስክሪኑን በመሐረባቸው ጠረጉት። አረንጓዴው የባሰ ጠራ። ሴትዮዋን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። የማናችንን እንደሚያምኑ ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ።

የሳቸው ግራ መጋባት ደግሞ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ባለቤታቸው የላይኛው ፓምፕ ኦፕሬተር ናቸው፤ የገዛ ሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስክሪኑ ላይ የላይኛው ፓምፕ አረንጓዴ ነው፣ ቤታቸው ቧንቧው ያፏጫል። አንድ ቀን ከሥራ እንደገቡ ባላቸውን እራት ላይ ያዟቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ፓምፑ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ምንም አይል።»

«እስቲ ከደህናው አንድ ጆግ ስጠኝ፣ ልታጠብበት!»

ሰውየው ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። እትዬ ሃሎ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ሳያስቡት፣ በዚያ በስልኩ ድምፅ፣ «እሺ፣ አሁን ንገረኝ» አሉ።

ባለቤታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ይንቀጠቀጣል። ውሃ መግፋት አቅቶታል። ቆሞ ካልታየ ይቃጠላል። ቀዩን ልጫን እጄን እሰድና እመልሰዋለሁ። ጡረታዬ ደርሶ፣ አበላሽቶ ተጠራ ልባል?»

በማግስቱ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ቀልቷል። «ብናገር ባሌን አሳጣሁት። ዝም ብል ፓምፑ ይቃጠላል፤ ያኔም ተጠያቂው እሱ ነው። ግራ ገባኝ ልጄ።»

«ለአለቃ ይንገሩት እንጂ!» አልኩ፤ ተናድጄ ነበር። ማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም።

አፌን ሳልዘጋ አለቃችን ገባ፤ ከኛ ሊማሩ የመጡ እንግዶች አስከትሏል። ስክሪኑን አሳያቸው። ፊቱ በርቷል። ከዚያ ወደ እትዬ ሃሎ ዞር አለ።

«እትዬ፣ ሲስተሙ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ምንም አይል» አሉ እትዬ ሃሎ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁና ተከታትለው ወጡ። እትዬ ሃሎ ግን አፋቸውን ከፈት አድርገው በሩን እያዩ ቀሩ።

«ምን ነካዎት? ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«አልደገመም እኮ» አሉ። «አንዴ ጠይቆኝ ሄደ።»

ይህን ያሉት ለኔ ነው፤ የሰሙት ግን ራሳቸው ናቸው። ብድግ አሉ፤ የአበባውን ቆርቆሮ ገለበጡት፤ ያንን ሁሉ ወረፋ ሰንጥቀው ወደ ደረጃው ሮጡ። ተከተልኳቸው።

«አለቃ! አንዴ ይድገሙልኝ!»

«ምኑን?»

«ጥያቄውን!»

አለቃችን እንግዶቹን አየና አፍሮ ሳቀ። «እ... ሲስተሙ እንዴት ነው?»

«እንደሱ አይደለም። ቀስ ብለው፣ አሁን ንገሪኝ ብለው።»

ሰውየው ያበዱ ሳይመስሉት አልቀረም። ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ እትዬ፣ አሁን ይንገሩኝ።»

እትዬ ሃሎ የደረጃውን ድጋፍ ያዙ። «የባሌ ፓምፕ ሊቃጠል ነው። ደህና ያለው ፈርቶ ነው። እኔም ቅድም ደህና ያልኩት ፈርቼ ነው።»

ፓምፑ ወዲያው እንዲቆም ተደረገ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ስናይ እልል እንበል ወይስ እናልቅስ፣ አላወቅንም። እንግዶቹም ምን ብለው እንደሚጽፉ ግራ ገብቷቸው እስክሪብቶ እንደያዙ ቆሙ።

ባለቤታቸው አልቀረላቸውም፤ አለቃ ቢሮ ተጠሩ። እትዬ ሃሎ ባላቸው እስኪመለሱ ድረስ ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። በመጨረሻ ሰውየው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያገላበጡ መጡ።

«ምን አለህ?» አሉ እትዬ ሃሎ።

«እንዴት ነዎት አለኝ።»

«አንተስ?»

«ደህና ነኝ አልኩት። ከዚያ መናገሩን ትቶ ዝም ብሎ ያየኛል። ቢጠብቁት ቢጠብቁት ዝም! ግራ ሲገባኝ ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት።»