እንሶስላ የሞቀው ጥፍር

ያንን ዘመን ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ነጭ ነገር ነው። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ የጥምቀት ዘፈን በቀሐ ወንዝ በኩል ገና ከጆሮ ሳይወጣ፣ በሆስፒታሉ በር ጋቢ ለብሰው የሚጠብቁት ሕመምተኞች ከሩቅ ሲታዩ ከአጥሩ ሥር ያረፈ ደመና ይመስሉ ነበር።

እኔ ድሬሰር ነበርሁ። ፊደል ከቄስ ተማርሁ፤ የቀረውን ከመድኃኒት ካርቶንና ከአሮጌ መጽሐፍ ለብቻዬ ለቃቀምሁ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ። ጧት ጧት ደግሞ ዶክተሩ ሳይገባ ሰልፉን እዞርና መጠበቅ የማይችለውን ለይቼ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ቀይ ያሰረ ቀድሞ ይገባል።

ሥራውን ያሳዩኝ ሲስተር፣ «ጥፍር አይዋሽም» ይሉ ነበር። «ሰማያዊ ሆኖ ካየኸው አየር አጥሮታል፤ ሮጠህ ጥራኝ።»

አንድ ቀን አራት ሰዎች ከድብ ባሕር መንደር በጭነት ማኪና ያመጧትን ሴት በቃሬዛ አወረዱ። ከራስ እስከ እግሯ በድርብ ጋቢ ተሸፍናለች። አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ቆመዋል።

«አያ፣ ምን ነካት?»

«ብርድ ነው። የልጄ ሚስት ናት፤ ከተዳረች ወር አልሞላትም።»

«ፊቷን ልይ።»

«ፊቷንማ አይሆንም! ይህን ሁሉ ዓይን እያየህ ሙሽራ ግለጡ ትላለህ?»

«እጇንስ?»

እጇን ከጋቢው ሥር ሳብ አድርገው አሳዩኝ። ጥፍሯ እንደ ፍም ቀልቷል። ሰማያዊ ፈልጌ ቀይ አገኘሁ። ትንፋሿን ልቆጥር ሞከርሁ፤ ጋቢው ወፍራም ነውና አይለይም። «ሸጋ ነው፣ ተራዋን ትጠብቅ» ብዬ አለፍሁ።

ከእርሷ ቀጥሎ ከበቅሎ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ሰው ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። «አንተ ሰው፣ ይህን ጉሮሮ ለቀረርቶ ባደረግኸው!» ይሉታል ከሰልፉ። ሰው ሳቀ። ቀዩን ጨርቅ ላስርለት ጎንበስ ስል የራሴን ጣቶች አየሁ። ጥፍሬ በአዮዲን ቡናማ ሆኗል። ስለ ጤናዬ አንዳች አይናገርም። ቀለም ነው።

እንሶስላ! ሙሽራ ናት፤ ለሠርጓ እንሶስላ ሞቃለች። እኔ ያየሁት ደሟን ሳይሆን የሠርጓን ቀለም ነበር።

ተመልሼ ሮጥሁ። «አያ፣ ሌላ ዓይን እንዳያያት እኔ ጋቢው ውስጥ ልግባ።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ «ምነው፣ ሚዜ ነኝ አልህሳ!» አለ።

«ዝም በል!» አሉት ሽማግሌው። ከዚያ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ። «ግባ። ግን ቶሎ።»

ጎንበስ ብዬ ጋቢውን በላያችን ሳብሁት። ውስጡ ወተት ውስጥ እንደ መግባት ነበር፤ ብርሃኑ ለስላሳ፣ የውጩ ድምፅ ሁሉ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። ከንፈሯ የሰማያዊ ቀለም ብልቃጥ አፍ መስሏል። በየትንፋሿ አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ከጉሮሮዋ በታች ያለው ጉድጓድ ይሰረጉዳል። መቁጠር ጀምሬ ተውሁት፤ ከመቁጠሬ ይፈጥናል። ዓይኗን ገለጠች።

«ነጋ?» አለችኝ።

«ነግቷል።»

ስወጣ ጨርቁ ገና በእጄ ነበር። ክንዷ ላይ አሰርሁት። ክንዱ የተሰበረው ሰው፣ «የእኔ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጀመረና የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። ከዚያ ያንን ጉሮሮውን ከፍቶ፣ «መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ነጩ ደመና ለሁለት ተከፈለ፤ ቃሬዛው በመካከሉ አለፈ።

የሳንባ ምች ነበር። ዶክተሩ ትራስ አስደግፎ አስቀመጣትና ፔኒሲሊን አዘዘ። ሁለት ቀን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ለሲስተር የሠራሁትን ስሕተት ሁሉ ነገርኋቸው። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ «እኔም እንሶስላ ሞቄ አውቃለሁ፤ ልነግርህ ይገባ ነበር» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋ ሾርባ ጠየቀች። ከዚያም እኛው ዘንድ ተኝታ ሰነበተች። እኔም መርፌዋን በወጋሁ ቁጥር ጣቷን አያለሁ። ከሆስፒታል በሚወጡበት ሰሞን ከእንሶስላው ሥር ቀለም ያልነካው አዲስ ጥፍር ብቅ ብሎ ነበር፤ ጠባብ፣ እንደ ክር። ሽማግሌው እያዩኝ በጣቴ ጫን አልሁት፤ ነጣ። ለቀቅሁት፤ ወዲያው ደሟ ተመልሶ ቀላ።