የዘበኛው ቤት

ጌታው የእንግሊዝ መኳንንት ዘር ነበር። አባቱ የዘር ማንዘሩን የገጠር ቤት ሸጦ ስለበላው፣ እሱ ከቶሮንቶ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት ገዛና ያንን የጠፋውን ሊያስመስለው ተነሣ። እኔ ጄሶ ሠሪው ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንጋጥጬ ኮርኒሱ ላይ የወይን ሐረግ አወጣሁለት። አንዲት ቅጠል ከተጣመመች አይቆጣም፤ በከዘራው ጫፍ ነካ ያደርግና አፍርሳት ይለኛል። ስሜን እስከ መጨረሻው አስተካክሎ አልጠራም።

እናቴ ከእኔ ጋር ከተማው ውስጥ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ፣ ኤሌቬተሩ በተበላሸ ቁጥር መሬት ሳትረግጥ ትከርማለች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲከፈት አፈር ላይ የሚያወጣ በር። በጌታው ግቢ መግቢያ ላይ ደግሞ ባዶውን የተቀመጠ የዘበኛ ቤት አለ። ሁለት ክፍል ነው፣ ደረጃ የለውም፤ ግድግዳውን የለሰንኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጌታው እዚያው በር ላይ አስቆመኝ። የእናቴን ጉልበት ከሠራተኞቹ ሰምቶ ኖሮ፣ ይህን ቤት ለእሷ ትፈልገዋለህ ወይ አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ።

«አይ፣ አይቸገሩ። ደህና ነን።»

«እንደ ፈቃድህ» አለና ውሾቹን ጠርቶ ሄደ።

እኛ ዘንድ ይህ እምቢታ አይደለም። የመጀመሪያው ግብዣ ለወግ ነው፤ ሰው ከልቡ መሆኑ የሚታወቀው ሲደግም ነው። እናቴም ስነግራት ደስ አላት።

«ደግ አደረግህ፤ ጨዋ ሰው ዘሎ አይቀበልም። ይደግምልሃል።»

በበሩ ግራና ቀኝ ልትተክለው የጤና አዳም ዘር በላስቲክ ቋጥራ አስቀመጠች። ከሥራ በገባሁ ቁጥር ደገመልህ ወይ ትለኛለች። ሄጄ እፈልገዋለሁ ማለት እችል ነበር፤ ልመና መሰለኝ። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሦስተኛው ሳምንት ጌታው ቤቱን ለውሾቹ ሰጠ። የቧጠጡትን ግድግዳ መልሼ እንድለስን አዘዘኝ፤ ለሰንኩ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ይደግማል እያለች ሁለት ክረምት ጠበቀችና አረፈች። ሬሳዋን ያወረድነው በዕቃ ማውረጃው ኤሌቬተር ነው።

አሁን ጌታው ግማሽ ጎኑ አይታዘዝም። ልጆቹ ቤቱን ለሽያጭ አቅርበው እሱን ኢስት ዮርክ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ስድስተኛ ፎቅ አስገቡት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እጠይቀዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለባዕድ እንኳ የሚራራ እያሉ ይመርቁኛል። እኔ የምሄደው ግን በመስኮቱ ቁልቁል አፈሩን ሲያይ ላየው ነው። ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሁድ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ገዢው ቤቱን በማግስቱ እንደሚረከብ፣ ጌታውም ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያየው እወስደው እንደሆነ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ኮቱን አልጋው ላይ እንዳዘረጋት ነገረችኝ። ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መኪናዬ ታች ናት። ቤቱን ላሳይዎ?»

ጉልበቱ ሥር የተንጠለጠለችውን የሽንት ከረጢት አየና አፈረ።

«አይ፣ አላስቸግርህም» አለኝ።

ዐይኑ ግን ኮቱ ላይ ነበር። ያንን እምቢታ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። አንዴ ብደግምለት ይነሣ ነበር።

«እንደ ፈቃድዎ» አልኩትና ኮቱን አንስቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀልኩት።