ባስ ፍለጋ በሰሜኑ ዳርቻ

በረዶ ሲቀልጥ የሚነሳው የሐይቅ ዳር ጭቃ ሽታ ዛሬም ሲሸተኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አውሮራ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ብዙም ሳንርቅ ስንኖር፣ ታክሲ ነጂው አባቴ ብርዱ ሲገባደድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሐይቅ ይወስደኝ ነበር።

የምንፈልገው ባስ የሚሉትን አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። ባስ በረዶውን ጥልቁ ውስጥ ተኝቶ ይከርምና፣ ፀሐይዋ በርታ ስትል ውሃው ቶሎ ወደሚሞቅበት ወደ ሰሜኑ ዳርቻ፣ ድንጋዮቹ ሥር ይጠጋል። አባቴ ይህን የደረሰበት ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ተመልሰን፣ እናቴም «ዓሣው እናንተን ሲያይ ይስቃል» እያለች ከቀለደችብን በኋላ ነበር።

ረመዳን በዋለበት በዚያ ዓመት ሐምሌ የስኳር ሕመም ያለበት አባቴ ሲጾም ስኳሩ ወርዶበት፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ዳግመኛ እንዳይጾም ከለከለው፣ እናቴም ቃል አስገባችው። እሱ ግን ያመለጡት ቀናት ከብደውት፣ ነገሩን በሆዱ ይዞ፣ ቀኑ አጠር በሚልበት በዚያ ወቅት በድብቅ እየጾመ ይከፍላቸው ኖሯል።

በአራተኛው ቅዳሜ ውሃ ብሰጠው እምቢ አለኝ። ያ ሁሉ ብርድ እያለ ግንባሩን አላበው፣ የመንጠቆውን ክር ለመቋጠር ሞክሮ ሦስት ጊዜ ሳተው።

«አባዬ፣ አር ዩ ፋስቲንግ?»

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ። መግሪብ ደርሶ ላፈጥር ሁለት ሰዓት ነው የቀረኝ።»

«ዩ ፕሮሚስድ። ጁሴን ጠጣ፣ ፕሊዝ።»

«ዝም በይ፣ ዓሣው ይሰማል።»

ወዲያው ክሩ ተወጠረ። አባቴ «ያዢ» ብሎ የማጥመጃውን ዘንግ እጄ ላይ ጣለና ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። ወር ሙሉ የፈለግነው ባስ ሰፊ አፉን ከፍቶ ከውሃው ብቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ዞር ብዬ አባቴን ሳየው ግን ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው፣ እኔን ግን አያዩም። ዘንጉን ለቀቅኩት፤ ድንጋዩን እየፋቀ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ጁሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ አፉ ባስጠጋው ጥርሱን ገጠመ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አባዬ፣ አይ ካንት ድራይቭ!» ብዬ አለቀስኩ።

ምን እንደገባው አላውቅም፣ አፉን ከፈተ።

ጁሱን ጠጥቶ ጨርሶ የፊቱ ወዝ ሲመለስ «ዘንጉስ?» አለኝ። ውሃውን አሳየሁት። «ይሁን» አለ። ያን ቀን ማታ እኔ አፌን ሳልከፍት ለእናቴ ራሱ ነገራት፣ እሷም ሁለት ቀን አላናገረችውም።

አሁን ረመዳን ራሱ ዞሮ ዞሮ በረዶ መቅለጫው ላይ መጥቷል። አባቴ አይጾምም፣ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ያበላል፤ የምጾመው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አብረን እንቀመጥና፣ የምሳ ሰዓቱ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳንድዊቹን በቀስታ ይፈታል። ያኔ የሚደብቀኝ ጾሙን ነበር፣ ዛሬ ምሳውን ነው። እኔም በልቶ እስኪጨርስ ውሃ ውሃውን አያለሁ።