ወንድሜ በቴሌቪዥን የቀረበ ዕለት

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በትንሣኤ ዕለት፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ቤታችን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ በዓል አልፏል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያን ዕለት ሳስብ ግን ዛሬም ፊቴ ይግላል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምረው፣ እዚሁ ሲያስተምሩ ያረጁ። ይበልጣል የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ግን ከልጅነቱ ሰው ማሳቅ ይወድ ስለነበር አዲስ አበባ ገብቶ ኮሜዲያን ሆነ። ለዓመታት በየሰርጉ ቤት ሲንከራተት ቆይቶ፣ ያን ዓመት ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ደወለልኝ።

“እህቴ፣ ለፋሲካ በቴሌቪዥን ልቀርብ ነው! ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪልኝ!”

ምን ሆኖ እንደሚጫወት አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።

ጎረቤቱን ጠራሁ። ኦጁሉንም ጠራሁ። ኦጁሉ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ የጋምቤላ ልጅ ነው፤ የወረዳችንን መንገድ የሚሠራው ድርጅት ቀያሽ ነበር። እምነቱ ከእኛ ቢለይም፣ በጾሙ ወራት ለአባቴ ክብር ሲል ከግቢያችን ሥጋ አስገብቶ አያውቅም። አባቴ “ያሳደጉት ይባረኩ” ይሉ ነበር። እኔን “ቲቸር” እያለ ነው የሚጠራኝ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ቴሌቪዥናችን ያንን ጣቢያ አልይዝ አለ። ኦጁሉ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ዲሹን ያዞራል፤ እኔ ከታች “መጣ! ኧረ ሄደ! ትንሽ መልሰው!” እላለሁ። ብዙ ከለፋ በኋላ አስተካከለልን። ሲወርድ ልብሱን እያራገፈ፣ “ቲቸር፣ ዛሬ ወንድምሽን ሳላይ አልበላም” ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጢም አለ። መቀመጫ ያጡት በር ላይ ቆሙ። ኦጁሉ ከአባቴ ጎን፣ ለክብር እንግዳ በሚለቀቀው ቦታ ተቀመጠ። ማዕዱ ቀርቦ ገና መብላት እንደጀመርን ዝግጅቱ ተጀመረ።

ቀልዱ የአንድ ሀብታም ቤት ታሪክ ነበር። የቤቱ ጌታ “ዘበኛ!” ብሎ ሲጣራ አንድ ሰው ብቅ አለ። ፊቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱን ጥላሸት የመሰለ ነገር ተቀብቷል። ከንፈሩን በቀይ ቀለም አስፍተውታል። የሰጡት ስም ራሱ ስድብ ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም። አማርኛውን እየሰባበረ ያወራል። ፍሪጅ ሲከፈት መብራቱን አይቶ እየጮኸ ጠረጴዛ ሥር ይገባል።

በድምፁ አወቅሁት። “ይበልጣል እኮ ነው!” ብዬ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ እኔን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ አልቆመም። አንዱ ወደ ኦጁሉ ዞር አለና ዝም አለ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ቀጥሎ በር ላይ የቆሙት። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ተመልካቾች ብቻ ሲስቁ ቀሩ። የሚያጠፋው ሰው ጠፋ። ሪሞቱ እኔው አጠገብ ነበር፤ አላነሣሁትም።

ኦጁሉ እስኪያልቅ ድረስ አየው። ከዚያ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ወደ አባቴ ጎንበስ አለ። “መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንኳን አደረስዎ” ብሎ ወጣ።

ተከትዬው ሮጥሁ። ክፍሉ በር ላይ ደረስሁበትና የመጣልኝን ሁሉ ለፈለፍሁ።

“ኦጁሉ፣ ወንድሜ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። ሌላ ሰው ጽፎለት ነው። ክፋት የለውም፤ ብታውቀው ትወደዋለህ…”

እስክጨርስ ታገሠኝ። “ቲቸር፣ ስለ ወንድምሽ ነገርሽኝ” አለ። “እኔን ግን ምን ተሰማህ አላልሽኝም።”

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ቤት ስመለስ የአባቴ ስልክ እየጮኸ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያናግሩት፤ ሰው ሁሉ ይሰማል።

“አባዬ! አያችሁኝ? እንዴት ነበርኩ?”

“ፊትህ ላይ የነበረው ምንድን ነው?” አሉት አባቴ።

“ሜካፕ ነው አባዬ፤ ቀለም። ለቀልዱ ነዋ።”

“ከማዕዴ ላይ ሳይጠግብ የተነሣ እንግዳ አለ፣ ልጄ።”

ይበልጣል አልገባውም። እኔ ስልኩን ተቀብዬ ማን እንደነበረ ነገርሁት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ሩቅ አገር ኮሜዲያን ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ በአፍሪካውያን ሲቀልድ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞሮ ነበር። ይበልጣል ራሱ ገጹ ላይ ለጥፎት “ጥቁር ሕዝብ መሳቂያ አይደለም! ጣቢያው ይቅርታ ይጠይቅ!” ብሎ ጽፎበታል። እኔም በንዴት አጋርቼዋለሁ። ይህንኑ ለይበልጣል አስታወስሁት።

“ያ እኮ ይለያል” አለ። “እነሱ ፈረንጆች ናቸው። እኛ ራሳችን ጥቁር አይደለንም እንዴ?”

አባቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። “እንግዲያ ምን ልትሆን ተቀባህ?”

ስልኩ ተዘጋ።

አዲስ አበባም የተቆጣ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ከቀናት በኋላ ይበልጣል ገጹ ላይ “በቀልዱ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ” ብሎ ጻፈ። ደስ ብሎኝ ለአባቴ አነበብሁላቸው።

“‘ካላችሁ’ ምን ያደርጋል?” አሉ። “ሰውየው አለ አይደል? ግቢዬ ውስጥ እየኖረ ‘ካለህ’ ይባላል? ይምጣና ፊቱ ቆሞ ይጠይቅ።”

ጣቢያው ግን ምንም አላለም። ጭራሽ በዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ አሳየው።

ይበልጣል በግንቦት መጣ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሱ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከኋላ፣ የኦጁሉ ክፍል በር ላይ ቆሙ። ኦጁሉ ሲከፍት ደነገጠ። አባቴ ነገሩን እስኪያስረዱት አልጠበቀም፤ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት።

“አንተን ይቅር ብዬሃለሁ” አለው። “ግን ትናንት ሥራ ቦታ አንዱ ‘ፍሪጅ ትፈራለህ ወይ?’ ብሎኝ ሁሉም ሳቁ። ያንንስ ማን ያወርድልኛል?”

ወንድሜ እንባው መጣ።

ይበልጣል ተመልሶ ቀልዱን ከኢንተርኔት እንዲያነሣ ጣቢያውን ለመነ። “ብዙ ሰው ያየውን ለምን እናጠፋለን?” አሉት። ከዚያ በኋላ ለሥራም አልጠሩትም። የዚያ የሩቅ አገር ጣቢያ በስንት ጩኸት ይቅርታ ጠይቆ ዝግጅቱን አንሥቷል። የእኛው እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አለ።

ኦጁሉ መንገዱ እስኪያልቅ ከእኛው ጋር ኖረ። አባቴ ጋ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፤ እኔንም ሰላም ይለኛል። “ቲቸር” ማለቱን ግን ተወ። በስሜ ነው የሚጠራኝ። ለምን ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፤ ይቅርታም ሳልጠይቀው ወደ ሌላ የመንገድ ሥራ ተዛውሮ ሄደ። ሰው ሁሉ በደለኛው ወንድሜ ብቻ መስሎት ነበር።

አንዳንዴ ቪዲዮው ተነሥቶ እንደሆነ ለማየት እከፍተዋለሁ። አልተነሣም። ከሥሩ የሚስቁት ሰዎች እየበዙ ነው። ስማቸውን እያነበብሁ ልቆጣቸው እሞክራለሁ፤ ቁጣው ግን አይመጣልኝም። ያን ዕለት በዚያ ቤት ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።