ፊቱ ቆሜ ጠፍተሃል አለኝ

ዛሬ ጋሼ ይመርን በእኔ ጦስ ቀበሌ አሰሩብኝ!

ከእስር ስወጣ ዋስ የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሰኞ ሰኞ ቀበሌ ሄጄ እፈርማለሁ። አንድም ሰኞ ቀርቼ አላውቅም፤ እንደ እኔ ያለ ፈራሚ ሸዋ ሮቢት አላየችም!

ዛሬም በጠዋት ሄድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር የምፈርምበትን መዝገብ ይዞ ካራቆሬ ስብሰባ ሄዷል። በዚያ ሐሩር እስኪመጣ ጠበቅኩት።

ሲመጣ "በሰዓቱ አልፈረምክም፣ ጠፍተሃል" ብሎ ጋሼን ከሽንኩርት ማሳቸው አስይዞ አስመጣቸው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊትህ ቆሜ እንዴት ነው የጠፋሁት?"

"መዝገቡ ላይ የለህም" አይለኝም!

ልተናነቀው ስል ጋሼ ከታሰሩበት ክፍል ውስጥ ጮሁብኝ፦ "አንተ! አፍህን ዝጋና ሽንኩርቴን አጠጣ፤ የመስኖ ተራዬ ዛሬ ነው!"

አጠጥቼ መመለሴ ነው፤ ጭቃዬን እንኳ አልታጠብኩም። ጋሼ ግን አሁንም እዚያው ናቸው።

የእናንተስ ዋስ እንዲህ ታስሮ ያውቃል? ንገሩኝ እስኪ፣ ብቻዬን ልቃጠል እንዴ?